ቁልቁለትን ሜዳ የሚያደርግ ፍሬን
(ስለ ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት የዲስክ ፍሬን አገጣጠምና አስተካከል በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ሰርከስ ድንኳን ነው። በደማቅ ልብስ ያጌጠ ተጫዋች መሪ በሌለው፥ ሰንሰለት በሌለው፥ አንድ ጎማና አንድ ኮርቻ ብቻ ባለው ነገር ላይ ተቀምጦ ወዲያና ወዲህ ሲል ያየ ሰው፥ ይህ መሣሪያ ከጨዋታ በቀር ሌላ ጥቅም ይኖረዋል ብሎ አያስብም። እንዲህ ላለው ዕቃ ፍሬን ያስፈልገዋል ቢባል ደግሞ ይበልጥ ይገረማል። የጎማው መዞርና የእግር መዞር አንድ ስለ ሆነ እግሩን የገታ ሰው ጎማውንም ገታ ማለት ነው፤ ታዲያ ፍሬኑ ለምን ይሆናል? የዛሬው ንግግራችን አስቀድሞ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ ቀጥሎም የዲስክ ፍሬን እንዴት እንደሚገጠምና እንዴት እንደሚስተካከል በቅደም ተከተል ያስረዳል። በንግግሩ ውስጥ የሚነሡት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን አድማጮች እንዲያስተውሉ እናሳስባለን።

ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ከሰርከስ ድንኳን ወጥቶ ወደ ተራራ ከወጣ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በ1980ዎቹ ዓመታት በአላስካ የሚኖረው ጆርጅ ፔክና በካናዳ የሚኖረው ክሪስ ሆልም፥ በዚህ መሣሪያ ድንጋያማና ሥራሥር የበዛበትን የተራራ መንገድ መሄድ ከጀመሩት ሰዎች መካከል ስማቸው የሚጠራ ነው። ከእነርሱ በኋላ ይህ አካሄድ በብዙ አገር ተስፋፍቶ ራሱን የቻለ ስፖርት ሆነ። ወደ ተራራ የወጣ ሁሉ ግን መውረዱ አይቀርም፤ የፍሬንም ጉዳይ የተነሣው በዚሁ በመውረዱ ነው።

ተራው ብስክሌት ቁልቁለት ሲያገኝ ነጂው እግሩን አሳርፎ ይቀመጣል፤ ጎማው ብቻውን ይዞራል። በባለ አንድ ጎማው ብስክሌት ግን የፔዳሉ ክንድ ከጎማው እምብርት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለ ሆነ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር እግርም አንድ ጊዜ ይዞራል። በቁልቁለት ላይ ጎማው መሮጥ ይፈልጋል፤ ነጂው ደግሞ ወደ ላይ የሚመጣውን ፔዳል በእግሩ እየተጫነ ሩጫውን ይገታል። ይህ ምን ያህል ድካም እንደ ሆነ በቍጥር እንመልከተው። የ26 ኢንች ጎማ ዙሪያው 2 ሜትር ከ10 ሳንቲም ያህል ነው። አንድ ሰው 3 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን ቁልቁለት ቢወርድ ጎማው ከ1400 ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ዙር ሁለቱም እግሮች በተራ በተራ የነጂውንና የመሣሪያውን ክብደት ይገታሉ፤ ከዚህም የተነሣ ጭኑ ይዝላል፥ ጕልበቱ ይታመማል፥ በመጨረሻም እግሩ ከጎማው ፍጥነት ወደ ኋላ ቀርቶ ነጂው ይወድቃል።

እንግዲህ የፍሬኑ ዋና ሥራ ብስክሌቱን ማቆም አይደለም። የቁልቁለቱን ጕተታ በመጠኑ እየያዘ፥ ነጂው በሜዳ ላይ እንዳለ ሆኖ ፔዳሉን በቀስታ ወደ ፊት እየመታ እንዲሄድ ማድረግ ነው። በደንብ የተስተካከለ ፍሬን ቁልቁለትን ሜዳ ያደርጋል ብንል ከእውነት አንርቅም። በደንብ ያልተስተካከለ ፍሬን ግን ከፍሬን ማጣት የከፋ ነው። ባለ ሁለት ጎማ ብስክሌት በድንገት ቢያዝ ሌላው ጎማ ይደግፈዋል፤ ባለ አንድ ጎማው በድንገት ቢያዝ ግን ጎማው ሲቆም የነጂው አካል ወደ ፊት ይቀጥላልና የሚቀበለው መሬት ብቻ ነው። በበቅሎ ገደል የወረደ ሰው ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል፤ ወገቡን ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርጎ ልጓሙን በልክ ይይዛል እንጂ በድንገት አይነጭም። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው የአገጣጠም ሥራ ሁሉ የሚያመለክተው ወደዚህ ወደ ልኩ ነው።

በባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ላይ ከዲስኩ በፊት የተለመደው ፍሬን ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚይዘው ዓይነት ነበረ፤ ዛሬም የሚጠቀሙበት አሉ። ጠባዩ መልካም ቢሆንም ሁለት ጕድለት አለበት። አንደኛ፤ ጭቃና ውሃ ቸርኬውን ሲለብሱት የመያዝ ኀይሉ ይቀንሳል። ሁለተኛ፤ ቸርኬው ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ጥቂት የተጣመመ እንደ ሆነ ፍሬኑ በእያንዳንዱ ዙር እየነካ ይረብሻል። ዲስክ ግን ከመሬት ርቆ በጎማው እምብርት አጠገብ ስለሚዞር ከጭቃውም ከግጭቱም ይድናል።

የዲስክ ፍሬን ሐሳብ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬዴሪክ ላንቸስተር በ1902 ዓ.ም. ለአውቶሞቢል የሚሆን የዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት አውጥቶበት ነበር። ዘዴው በዓለም ፊት ዝናን ያገኘው ግን በ1953 ዓ.ም. የዲስክ ፍሬን የተገጠመለት የጃጓር መኪና በፈረንሳይ አገር በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር በአሸነፈ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሞተር ብስክሌት፥ ከሞተር ብስክሌትም ወደ ተራራ ብስክሌት አለፈ፤ በመጨረሻም ወደ ባለ አንድ ጎማው ደረሰ።

የፍሬኑ ክፍሎች ጥቂት ናቸው። ከጎማው ጋር የሚዞር ስስ የብረት ዲስክ አለ፤ ዲስኩን ከሁለት ወገን የሚቆነጥጥ ካሊፐር የሚባል ክፍል አለ፤ በካሊፐሩ ውስጥ ሁለት የፍሬን ሸራዎች አሉ፤ ከኮርቻው ሥር ደግሞ በጣት የሚሳብ እጀታ አለ። የጣት ኀይል ከእጀታው ወደ ካሊፐሩ የሚደርሰው በብረት ገመድ ወይም በቱቦ ውስጥ ባለ ዘይት ነው። የዲስኩ ስፋት ብዙውን ጊዜ 160 ወይም 180 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ሸራው 160 ሚሊ ሜትር የሆነውን ዲስክ የሚይዘው ከመካከሉ 7 ሳንቲም ያህል ርቆ ነው፤ የጎማው ጠርዝ ግን ከመካከሉ 33 ሳንቲም ይርቃል። ስለዚህ በጎማው ጠርዝ ላይ አንድ ኪሎ የሚሆን መጐተት ለመፍጠር በዲስኩ ላይ ከአራት ኪሎ የበለጠ መጐተት ያስፈልጋል። ካሊፐሩን የተሸከመው ቦታ ይህን ሁሉ ኀይል የሚቀበል ነውና በቀላል ማሰሪያ ወይም ባልታመነ ብየዳ የሚገጠም አይደለም።

ዲስኩ የሚቀመጥበት ቦታ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ከቴላዮው በስተ ውስጥ በሞዞው ማለት በጎማው እምብርት ላይ ነው። እንዲህ የተቀመጠ ዲስክ ከግጭት የተጠበቀ ነው፤ ነገር ግን ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሞዞ ያስፈልገዋል፤ በዲስኩና በጎማው ሽቦዎች መካከልም ለካሊፐሩ የሚበቃ ቦታ መኖሩን አስቀድሞ መለካት ይገባል። ሁለተኛው ከቴላዮው በስተ ውጭ በፔዳሉ ክንድ ላይ ነው። በዚህ አኳኋን ተራው ሞዞ ሳይለወጥ ይሠራል፤ ዲስኩ ግን ለነጂው ቍርጭምጭሚት ይቀርባል፤ የፍሬኑም ኀይል ወደ ጎማው የሚያልፈው በፔዳሉ ክንድ በኩል ስለ ሆነ ክንዱ በሞዞው ላይ በጥብቅ መታሰሩን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ቴላዮው የካሊፐር መያዣ ከፋብሪካ ተሠርቶለት ከሆነ መልካም ነው፤ ካልሆነም በኩሽኔታው ቤት ላይ የሚታሰር መያዣ ይገኛል። የአሉሚኒየም ቴላዮ ላይ በሰፈር ብየዳ መያዣ ማስበየድ ግን ብረቱን ያደክመዋልና ፈጽሞ የሚመከር አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

በመጀመሪያ ንጽሕና ነው። ዘይትና ቅባት የነካው የፍሬን ሸራ መያዙን ይተዋል፤ ወይም እየጮኸ በመንጨቅ ይይዛል። ስለዚህ ዲስኩን ንጹሕ ጨርቅ በአልኮል ነክሮ መጥረግ፥ ከዚያም በኋላ ጠርዙን ብቻ መያዝ ይገባል። የሸራውን ፊት በእጅ መንካት አይገባም። ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ሰንሰለት ስለሌለው የሰንሰለት ዘይት አያሠጋውም፤ የኩሽኔታው ቅባትና የሠራተኛው ጣት ግን ያሠጉታል።

ሁለተኛው ዲስኩን ማሰር ነው። የተለመደው ዲስክ በስድስት ትንንሽ ቡሎኖች ይታሰራል። አንዱን ቡሎን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሚቀጥለው ማለፍ ዲስኩን ያጣምመዋል፤ ስለዚህ ስድስቱንም በጣት ካስገቡ በኋላ አንዱን፥ ቀጥሎም ፊት ለፊቱ ያለውን እያሉ በመስቀለኛ ቀስ በቀስ ማጥበቅ ነው። የማጥበቂያው ልክ በሠሪው ጽሑፍ ላይ ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ነው። በቡሎኑ ጥርስ ላይ ጥቂት የቡሎን ማጣበቂያ ማድረግ መንቀጥቀጥ እንዳያላላው ይረዳል። በዲስኩ ላይ የመዞሪያው አቅጣጫ በቀስት ተመልክቶ እንደ ሆነ ቀስቱ ጎማው ወደ ፊት ሲሄድ ከሚዞርበት አቅጣጫ ጋር መስማማት አለበት። ዲስኮች የሚሠሩት በግራ በኩል እንዲገጠሙ ታስቦ ስለ ሆነ በቀኝ የሚገጥም ሰው ጽሑፍ ያለበትን ፊት ወደ ውስጥ ማዞር ሊያስፈልገው ይችላል።

ሦስተኛው ጎማውን በቴላዮው ላይ ማሳረፍ ነው። ብዙዎች ካሊፐሩን አስተካክለው ሲያበቁ የኩሽኔታውን ክዳን ያጠብቃሉ፤ ይህ ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል። ክዳኑ ሲጠብቅ ጎማው ጥቂት ይንቀሳቀሳል፤ ዲስኩም አብሮ ይንቀሳቀሳልና ቀድሞ የተለካው ሁሉ ይፈርሳል። ስለዚህ አስቀድሞ የግራና የቀኙን የኩሽኔታ ክዳን እኩል ማጥበቅ፥ ጎማውንም በእጅ አዙሮ ያለ ችግር መዞሩን ማየት ይገባል። ከልክ በላይ የጠበቀ ክዳን ኩሽኔታውን ያስጨንቀዋል፤ የላላም እንደ ሆነ ጎማው ይነቃነቃል።

አራተኛው ካሊፐሩን ማስተካከል ነው፤ የሥራው እምብርትም ይህ ነው። የዘይት ፍሬን ከሆነ ሁለቱን የካሊፐር ቡሎኖች ወዲያና ወዲህ እስኪል ድረስ ብቻ ማላላት፤ ቀጥሎ እጀታውን ስቦ መያዝ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ ሸራዎች ዲስኩን ሲቆነጥጡ ካሊፐሩ ራሱ ቦታውን ይፈልጋል። እጀታው ሳይለቀቅ ሁለቱን ቡሎኖች በተራ በተራ ጥቂት ጥቂት ማጥበቅ፤ ከዚያ ለቅቆ ጎማውን ማዞር ነው። ከካሊፐሩ በስተ ኋላ ነጭ ወረቀት ይዞ ቢመለከቱ በዲስኩና በሸራዎቹ መካከል በሁለቱም ወገን ስስ ብርሃን መታየት አለበት። በአንዱ ወገን ብርሃኑ የጠፋ እንደ ሆነ ቡሎኑን ጥቂት አላልቶ ካሊፐሩን በጣት ወደ ተፈለገው ወገን መግፋት ነው። ካሊፐሩ ከጎን በኩል የሚታሰር ዓይነት ከሆነ ደግሞ ልኩ የሚመጣው ቀጫጭን ሮንዴላዎችን በማስገባትና በማውጣት ነው። ዲስኩ በአንድ ቦታ ብቻ የሚነካ ከሆነ ጥፋቱ የካሊፐሩ አይደለም፤ ዲስኩ ተጣሟልና በንጹሕ መሣሪያ ጥቂት በጥቂት ማቅናት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ሁሉ በሚዞረው ዲስክ ቀዳዳ ውስጥ ጣት እንዳይገባ ጥንቃቄ ይደረግ፤ ዲስኩ እንደ ቢላ ይቆርጣል።

ፍሬኑ በገመድ የሚሠራ ከሆነ አስተካከሉ ይለያል። በብዙዎቹ የገመድ ፍሬኖች የሚንቀሳቀሰው አንዱ ሸራ ብቻ ነው፤ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። እጀታው ሲሳብ ተንቀሳቃሹ ሸራ ዲስኩን ገፍቶ ከቆመው ሸራ ጋር ያጋጥመዋል። ስለዚህ የቆመው ሸራ ዲስኩን ሳይነካ በተቻለ መጠን ተጠግቶ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ዲስኩ በየጊዜው ብዙ ይጐብጣል። አዲስ ገመድ ከጥቂት ቀን በኋላ ስለሚላላ በማስተካከያው ቡሎን መልሶ መወጠር ያስፈልጋል።

በዘይት ለሚሠራው ፍሬን ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። አንደኛ፤ ጎማው ወጥቶ ሳለ በሸራዎቹ መካከል ዲስክ ወይም መለያያ ሳይኖር እጀታውን መሳብ አይገባም፤ ፒስተኖቹ ወጥተው ለመመለስ ያስቸግራሉ። ሁለተኛ፤ የፍሬን ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ፍሬን በማዕድን ዘይት፥ አንዳንዱ ደግሞ ዶት በሚባለው ዘይት ይሠራል፤ አንዱ በሌላው ቦታ የገባ እንደ ሆነ በውስጥ ያሉትን ጎማዎች ያበላሻል። እጀታው ሲሳብ እንደ ሰፍነግ የሚለሰልስ ከሆነ በቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነውና አየሩ መውጣት አለበት።

አምስተኛው የእጀታው ቦታ ነው። ይህ ብስክሌት መሪ ስለሌለው እጀታው የሚታሰረው ነጂው በአንድ እጁ በሚይዘው በኮርቻው የፊት መያዣ ሥር ነው። መያዣውን ሳይለቅ በአንድ ጣት ሊስበው የሚችል መሆን አለበት። መያዣውን ለቅቆ ፍሬን የሚፈልግ እጅ ሚዛኑን ያሳጣዋልና። ነጂው ሲወድቅ ኮርቻው መሬት ይመታል፤ ስለዚህ እጀታው ከኮርቻው ጠርዝ ወጥቶ እንዳይታይ ገባ ብሎ ይታሰር። ቱቦው ወይም ገመዱ በቴላዮው ላይ ተጠግቶ ይታሰር፤ ከጎማውና ከነጂው ጕልበት ይራቅ፤ ኮርቻው ከፍ ሲል እንዳይወጠርም ትርፍ ይተውለት። የመያዣው ነጥብም ጣት ይበልጥ ኀይል በሚያገኝበት ስፍራ እንዲሆን እጀታው ይቅረብ ወይም ይራቅ።

ስድስተኛው አዲሱን ሸራ ማለማመድ ነው። አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ ወዲያው አይስማሙም፤ ከሸራው ስስ ንጣፍ ወደ ዲስኩ እስኪተላለፍ ድረስ ይንሸራተታሉ፤ ቀጥሎም ባልታሰበ ጊዜ ይነክሳሉ። ስለዚህ ለስላሳና ረዘም ያለ ቁልቁለት ፈልጎ፥ ፍሬኑን በመጠኑ ይዞ ፍጥነትን መቀነስ፥ መልቀቅ፥ እንደገና መያዝ፤ ይህንንም 20 ወይም 30 ጊዜ መደጋገም ይገባል። ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ፍጥነቱ አነስተኛ ስለ ሆነ ይህ ሥራ ከተራው ብስክሌት ይልቅ ጊዜ ይፈልጋል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ትዕግሥት ያደረገ ሰው ለስላሳና የታመነ ፍሬን ያገኛል።

ከመውጣት በፊት የመጨረሻው ፈተና እንዲህ ነው። ከብስክሌቱ ጎን ቆሞ ኮርቻውን መያዝ፥ ፍሬኑን መሳብና ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት ነው። የሚንኳኳ ድምፅ ከተሰማ ከቡሎኖቹ አንዱ ወይም የፔዳሉ ክንድ ላልቷል ማለት ነውና ሳይስተካከል መንዳት አይገባም። ቀጥሎ በሜዳ ላይ፥ የራስ ቍር፥ ጓንትና የቅልጥም መከላከያ አድርጎ መለማመድ ነው። ነጂው መጀመሪያ ሰውነቱን ጥቂት ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ከዚያ ፍሬኑን በቀስታ ይይዛል፤ እግሩ ግን ፔዳሉን ወደ ፊት መምታቱን አያቋርጥም። ፍሬኑን ይዞ ከዚያ ለማዘንበል የሚሞክር ሰው ዘግይቷል።

ስለ አጠባበቁም ጥቂት ቃል እንጨምር። የሸራው ንጣፍ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን መለወጥ አለበት። አብዛኛው ዲስክ አዲስ ሲሆን ውፍረቱ 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ 1.5 ሲደርስ ጊዜው አልቋል። በረዥም ቁልቁለት መጨረሻ ዲስኩ እጅን የሚያቃጥል ይሆናልና አይነካ፤ ቁልቁለቱ የረዘመ እንደ ሆነም በመካከሉ ቆሞ ማሳረፍ ለፍሬኑም ለእግርም ይበጃል። ዘይት የነካው ሸራ ብዙ ጊዜ አይመለስምና ገንዘብ ለማትረፍ ብሎ ዳግመኛ መሞከር ጥርስን ለአደጋ ማቅረብ ነው።

ክቡራንና ክቡራት አድማጮች፤ በመጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ እግር ካለ ፍሬን ለምን የሚል ነበረ። መልሱም፥ እግር ጎማውን ሊገታ ቢችልም ለሁልጊዜ ሊሸከመው አይችልም የሚል ነው። ፍሬኑ ሸክሙን ከጕልበት ላይ አንሥቶ በአንድ ስስ ብረት ላይ ያኖረዋል። ይህ እንዲሆን ግን ስድስቱ ትንንሽ ቡሎኖች በልክ መጥበቅ፥ በዲስኩና በሸራው መካከልም ያ ስስ ብርሃን መታየት አለበት። ጥሩ የበቅሎ ነጂ በልጓሙ ልክ እንደሚታወቅ፥ ጥሩ የፍሬን ገጣሚም የሚታወቀው ወደ ቁልቁለቱ የላከው ሰው በእግሩ ቆሞ ሲመለስ ነው።